ከልምምድ የቀረውን ልጅ የሚጠይቅ ይኑር

ለኢትዮጵያ ቦክስ ፌዴሬሽን
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ትልቅ ተሰጥኦ ይዘው ጫፍ ሳይደርሱ ስለሚቀሩ ቡጢኞች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለመዝገብ ቤት መስጠት እችል ነበር። በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ የእናንተ ብቻ ስላልሆነ ነው። ልጇን ወደ ቦክስ የላከች እናት ታንብበው። ከኪሱ እያወጣ ጓንት የሚገዛ አሰልጣኝም ያንብበው።

ያደግኩት ፒያሳ ነው። በወጣትነቴ ቦክስ ሠርቻለሁ። አሁን የምተዳደረው በሌላ ሥራ ነው። አመሻሽ ላይ ግን አራት ኪሎ አካባቢ አንድ አሰልጣኝ ጓደኛዬን እያገዝኩ ለልጆች ፓድ፣ ማለትም ቡጢ የሚለማመዱበትን የእጅ ትራስ፣ እይዛለሁ። የምጽፈው በቅርብ የማየውን ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ዋና ነገር ነው። ጎበዝ ልጅ ከልምምድ ሲቀር "የት ሄደ? ምን ሆነ?" ብሎ የሚከታተል ሰው መድቡ። ደመወዝ የሚከፈለው፣ ስሙና ስልኩ የሚታወቅ፣ ሥራው ይኸው የሆነ ሰው። ምክንያቱም በእኛ ሰፈር ተሸንፎ ቦክስ የሚያቆም ልጅ ጥቂት ነው። የሚበዛው ሳይሸነፍ የሚጠፋው ነው።

አንድ ግራኝ ልጅ ነበረን። 48 ኪሎ ቢሞላ ነው። እግሩ ፈጣን፣ ዓይኑ ከእጁ የቀደመ። እሱ ሪንግ ሲገባ ሌሎቹ ገመድ መዝለላቸውን አቁመው ያዩት ነበር። ጠዋት ጭማቂ ቤት ይሠራል፣ ከሰዓት ይማራል፣ ማታ ወደ እኛ ይመጣል። ብዙ ጊዜ እርጥብ ቀምሶ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ እሱንም ሳይቀምስ። በዕድሜም በልምድም የሚበልጠውን ልጅ በነጥብ ያሸነፈ ቀን አሰልጣኙ እንባው መጣ።

ከዚያ ቀጣዩ ውድድር ተራዘመ። ከበዓል በኋላ ተባለ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ በጀት አልተለቀቀም ተባለ። ልጁ ጃን ሜዳ እየሮጠ፣ ኪሎውን ጠብቆ ጠበቀ። ቀኑ ለማይታወቅ ግጥሚያ ሰውነትን ዝግጁ አድርጎ መቆየት ምን ያህል እንደሚያደክም የሠራበት ያውቀዋል። አንድ ሰኞ ቀረ። ማክሰኞም ቀረ። አሰልጣኙ ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሰንብተን ስንሰማ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነስቷል።

ከእሱ በፊት ደግሞ አንድ 80 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ነበር። ቀኝ እጁ ካረፈ ያበቃል። እሱ ቦሌ አንድ ጭፈራ ቤት ባውንሰር ሆነ። አልፈርድበትም፣ የሚጦራቸው እናት አሉት። ግን ሌሊቱን በር ላይ ቆሞ ያደረ ሰው ንጋት ላይ እንጦጦን አይሮጥም። መጀመሪያ የጠዋቱ ሩጫ ቀረ፣ ቀጥሎ የማታው ልምምድ፣ በመጨረሻ ሰውየው ራሱ።

መሄዳቸው አይደለም የሚያናድደኝ። ሰው እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል። የሚያናድደኝ መጥፋታቸው የትም አለመመዝገቡ ነው። ግራኙ ልጅ ስንት ጊዜ እንደተጋጠመ፣ ማንን እንዳሸነፈ፣ ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመትቶ ያውቅ እንደሆነ የሚናገር አንድ ወረቀት የለም። ነገ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ስለ 48 ኪሎ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። እስከ ሪዮ 2016 ድረስ በኦሊምፒክ የወንዶች ዝቅተኛው ክብደት 49 ኪሎ ነበር። ቶኪዮ ላይ ያ ምድብ ተነሳ፣ ዝቅተኛው 52 ሆነ። ፓሪስ 2024 ላይ 51። ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ ቀላል ናቸው። እንዲህ ያለ የ17 ዓመት ልጅ ኦሊምፒክን ካለመ በጡንቻ ኪሎ መጨመር አለበት። ይህ በሽሮ ብቻ አይሆንም። እንቁላል ይፈልጋል፣ ወተት ይፈልጋል፣ የሚመራው ሰውም ይፈልጋል። ግራኙን ልጅ ይህን ቁጭ አድርጎ የነገረው ባለሙያ አልነበረም። አሰልጣኙም ያወቀው ስልኩ ላይ አንብቦ ነው።

ነገሩ ዛሬ የጀመረ አይደለም። በአገራችን አንድ ሙሉ የቡጢኛ ትውልድ ሳይታይ አልፏል። ከሙኒክ ኦሊምፒክ እስከ ባርሴሎና፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1984 ዓ.ም.፣ 20 ዓመት ነው። በዚያ መሀል ኢትዮጵያ የተገኘችው በአንድ ኦሊምፒክ ብቻ ነው፤ ሞስኮ፣ በ1972። በ1968 ከሞንትሪያል የቀረነው ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ነው። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነበረባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫውቶ ነበርና። በ1976 ከሎስ አንጀለስ ከሶቪየት ጎራ ጋር ቀረን። በ1981 ከሴኡል ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግነን ቀረን። የሞንትሪያሉ ውሳኔ ዛሬም ያኮራኛል። ዋጋውን የከፈለው ግን ላቡን ያፈሰሰው ልጅ ነው።

ምሩጽ ይፍጠር ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ። ሞንትሪያል አመለጠው። ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ወሰደ። ስምንት ዓመት ጠብቆ ደረሰበት። ቡጢኛ እንዲህ መጠበቅ አይችልም። የሯጭ ሳንባና እግር በልምምድ እየጎለመሰ ሊሄድ ይችላል። የቡጢኛ ጭንቅላት ግን ልምምድ ላይ የተቀበለውንም ምት ይይዛል። በ20 ዓመቱ ያልተጋጠመውን በ28 ዓመቱ አያካክሰውም። እስከ ዛሬ በኦሊምፒክ ያገኘናቸው ሜዳልያዎች በሙሉ የአትሌቲክስ ናቸው። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ የሚታወሱኝ ዕድሜያቸው ከእነዚያ ቀሪ ኦሊምፒኮች ጋር የገጠመባቸው ቡጢኞች ናቸው።

ሴኡል ላይ እኛ በሌለንበት ጎረቤታችን ኬንያ በቦክስ ወርቅ ወሰደች። ልጁ ሮበርት ዋንጊላ ይባላል። ኬንያ እስከዚያ ቀን ከአትሌቲክስ ውጭ የኦሊምፒክ ወርቅ አልነበራትም። ከዚህ በኋላ "ቦክስ የእኛ ስፖርት አይደለም" የሚል ሰው ምን ማስረጃ እንዳለው አላውቅም። ተራራው ያው፣ ምግቡም ብዙ አይራራቅም።

ዋንጊላም ግን ዕድሜ አልቀናውም። ፕሮፌሽናል ሆኖ አሜሪካ ገባ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1994 ላስ ቬጋስ ላይ ሲጋጠም ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመው። እሱ አልተሸነፍኩም ብሎ ተቃወመ። ብዙም ሳይቆይ ራሱን ሳተ፣ ሞተ። 26 ዓመቱ ነበር።

ሀብት ባለበት አገርም ጎበዝ ቡጢኛ ይባክናል። ናይጄሪያዊው አይክ ኢቤአቡቺ እ.ኤ.አ. በ1997 ዴቪድ ቱአን ሲያሸንፍ ሁለቱ በ12 ዙር 1,730 ቡጢ ሰነዘሩ። በከባድ ሚዛን እስከዚያ ድረስ ያልታየ ቁጥር ነበር። ከዚያ በኋላ ኢቤአቡቺ ራሴን ያመኛል ማለት ጀመረ። ጠባዩ ተለወጠ። በዚያው ዓመት የቀድሞ ፍቅረኛውን ታዳጊ ልጅ መኪናው ውስጥ ይዞ ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር ተጋጨ፤ ልጁ ክፉኛ ተጎዳ። ኢቤአቡቺ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ወደ ሪንግ ተመለሰ። በ1999 ክሪስ በርድን በ5ኛው ዙር አሸነፈ። በዚያው ዓመት በወሲብ ጥቃት ተያዘ፣ ቀጥሎ ለብዙ ዓመት ታሰረ። ሲያዝ 20 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም አልተሸነፈም። ጥፋቱን አላቃልልም፣ የተጎዱ ሰዎች አሉ። ግን ምልክቱ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ በግልጽ ይታይ ነበር። በዙሪያው የነበሩት ቀጣዩን ግጥሚያ ያዘጋጁ ነበር።

አሜሪካዊው ሜልድሪክ ቴይለር ደግሞ በ17 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1990 ያልተሸነፈውን ሜክሲኳዊ ሁሊዮ ሴዛር ቻቬዝን ገጠመ። ከሦስቱ ነጥብ ሰጪ ዳኞች በሁለቱ እየመራ ነበር። 12ኛው ዙር ሊያልቅ 2 ሰከንድ ሲቀረው ተዘርሮ ተነሳ፣ የሪንጉ ዳኛ ግጥሚያውን አስቆመው። ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከራከረው ስለ 2 ሰከንዱ ነው። እኔ የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት በ11 ዙር የተቀበለው ምት ነው። ፊቱ አብጦ፣ ደም እየዋጠ ነበር። 23 ዓመቱ ነው። በኋላ ሌላ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ቢያገኝም ያ የቀድሞው ፍጥነት ተመልሶ አልመጣም። ዓመታት ሲያልፉ ንግግሩ መጎተት ጀመረ። ቀድሞ ማቆም የሚባል ነገር አለ፣ የሚወስንለት ሰው ካለ።

ከሁሉም በላይ ለፌዴሬሽኑ ልንገረው የምፈልገው የእንግሊዛዊው ማይክል ዋትሰን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1991 ለንደን ውስጥ ከክሪስ ዩባንክ ጋር ተጋጥሞ ወደቀ። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ሪንጉ ዳር ወዲያው ኦክስጅን የሚሰጥና ሕይወት የሚያድን ዝግጅት አልነበረም፣ ተገቢው ሆስፒታል እስኪደርስ ብዙ ደቂቃ አለፈ። 40 ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆየ። ዋትሰን የአገሪቱን የቦክስ ቦርድ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ1999፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በቀጣዩ ዓመት፣ ቦርዱ ኃላፊነት ነበረበት ብለው ወሰኑ። ውድድር የሚፈቅድና ደንብ የሚያወጣ አካል ለሚጋጠመው ልጅ ሕይወት ይጠየቃል ማለት ነው። ዋትሰን በ2003 የለንደን ማራቶንን እየተራመደ በ6 ቀን ጨርሷል። ከሪንጉ ጎን ያ ዝግጅት ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ማሰብ አልተውም።

እዚህ ከተማ ውስጥ አምቡላንስ ሳይመጣ ግጥሚያ ሲጀመር አይቻለሁ። የማን ውድድር እንደነበር ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ልጁ ተዘረረ፣ ተነሳ፣ ውሃ አፈሰሱበት፣ በሳምንቱ ስፓሪንግ፣ ማለትም የልምምድ ግጥሚያ፣ ገባ። በአማተር ቦክስ የቆየ ደንብ ግን በጭንቅላት ምት የተዘረረ ቡጢኛ ቢያንስ ለ1 ወር ያህል አይጋጠምም፣ ስፓሪንግም አይሠራም። በ3 ወር ውስጥ ሁለተኛ ከተዘረረ 3 ወር ያርፋል። በዓመት ውስጥ ሦስተኛ ከሆነ ዓመት ሙሉ። ይህን የሚቆጥረው ማነው? አሰልጣኝ ይረሳል፣ ልጅ ይደብቃል፣ ክለብ ነጥብ ይፈልጋል። ስለዚህ ደብተር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፎቶ ያለበት፣ የተጋጠመበት ቀን፣ ውጤቱና የሐኪሙ ፊርማ የሰፈረበት ደብተር። ከሚዛን በፊት ያንን ሳያሳይ አይጋጠም። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በዓለም አቀፍ አማተር ቦክስ ሲሠራበት የኖረ ነው። ወጪውም የማተሚያ ቤት ወጪ ነው።

ያ ደብተር ካለ የጠፋውም ልጅ ይታወቃል። ለ3 ወር አዲስ መስመር ያልተጻፈበትን ደብተር አይቶ ስልክ የሚደውል ሰው ይኖራል። መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ ሰው እሱ ነው።

የግጥሚያ ቀንም ይኑረን። ብዙ ሰው አዙማህ ኔልሰንን የሚያውቀው በቀበቶዎቹ ነው። እኔ የምወደው ታሪኩ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ይህ የጋና ልጅ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1982 በሌላ ሰው ምትክ፣ በአጭር ጊዜ ጥሪ፣ ኒው ዮርክ ላይ ከሳልቫዶር ሳንቼዝ ጋር ተጋጠመ። ሳንቼዝ የዓለም ሻምፒዮን ነው፣ አዙማህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። እስከ 15ኛው ዙር ታገለው፣ ተሸነፈ፣ ግን ዓለም ስሙን ያዘው። በሁለት ዓመቱ፣ በዲሴምበር 1984፣ ዊልፍሬዶ ጎሜዝን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሳንቼዝ ደግሞ ከዚያ ግጥሚያ ከሳምንታት በኋላ በ23 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ዕድል እንዲህ ነች፣ ለአንዱ ትዘጋለች፣ ለአንዱ ሳይታሰብ ትከፈታለች። አዙማህ ስልክ ሲደወልለት ዝግጁ የነበረው አገሩ ላይ ሲጋጠም ስለቆየ ነው። አክራ ውስጥ ቡኮም የሚባል ጠባብ ሰፈር ተደጋጋሚ ሻምፒዮን ያፈራው ልጆቹ የሚጋጠሙበት ሪንግ ስለማይታጣ ነው።

እኛስ? ትንሿ ስታዲየም አለች፣ አራት ኪሎ ማዕከሉ አለ፣ ራስ ኃይሉ ሜዳ አለ። በእግር የሚያያይዝ ርቀት ነው። በወር አንድ ቅዳሜ፣ አራት ወይም አምስት ግጥሚያ፣ ታውቆ የተለጠፈ ቀን። ዋንጫ አያስፈልግም። ልጁ "መጋቢት ላይ እጋጠማለሁ" ማለት ከቻለ ቀጣሪው እንኳ ፈቃድ ይሰጠዋል። የፒያሳ ሰው ደግሞ ይመጣል፤ ቦክስ ሲኖር ይህ ሰፈር ቤቱ አይቀመጥም።

ስለ ደመወዝም ሳላነሳ አላልፍም። በአገራችን ለቡጢኛ ደመወዝ የሚከፍሉት በአብዛኛው የፖሊስና የማረሚያ ቤት ክለቦች ናቸው። ባይኖሩ ቦክሳችን ገና ድሮ በሞተ ነበር፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን በራቸው ጠባብ ነው፣ ሁሉን አያስገባም። ከ17 እስከ 20 ዓመት ያለውን ልጅ፣ ክለብ ሳይወስደው በፊት፣ የሚይዘው የለም። የሚጠፋውም ያኔ ነው። ለ10 ልጅ የትራንስፖርትና የምግብ ድጎማ ብትጀምሩ ልዩነቱን በአንድ ዓመት ታዩታላችሁ።

ትራንስፖርት ያልኩት በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለልማት ሲነሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወረ። ቀድሞ ከዶሮ ማነቂያ በእግሩ ይመጣ የነበረ ልጅ ዛሬ ሁለት ታክሲ ይይዛል፣ ማታ ደግሞ ሰልፍ። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ቦክሱን የተዉት ሰልችቷቸው አይደለም። በኮሪደር ልማቱ አዳዲስ የስፖርት ሜዳዎች ተሠርተዋል፣ አይቻቸዋለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ልጆቹ በተዛወሩበት አካባቢም አንድ ክፍል፣ ጥቂት የሚመታ ከረጢትና አንድ አሰልጣኝ መድቡላቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሴቶቹን ብዙ ጊዜ በንግግር መጨረሻ ላይ ነው የምናስታውሳቸው። የሴቶች ቦክስ ኦሊምፒክ የገባው ለንደን 2012 ላይ ነው። ፓሪስ ላይ ካሜሩን የተወለደችው ሲንዲ ንጋምባ በ75 ኪሎ ነሐስ አግኝታ ለስደተኞች ቡድን የመጀመሪያውን ሜዳልያ አመጣች። እኛ ጋ ያሉትን ልጆች ሳይ ይህ ሩቅ አይመስለኝም። መጀመሪያ ግን ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ይፈልጋሉ። ማታ ወደ ቤት የሚመለሱበትም ሰዓት ሊታሰብ ይገባል። ስንቷ ጎበዝ በዚህ ምክንያት ብቻ ቀረች።

አንድ ጥያቄ ለፌዴሬሽኑ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2023 ለቀድሞው ዓለም አቀፍ የቦክስ ማኅበር እውቅና ነፈገ። በ2025 ወርልድ ቦክሲንግ ለሚባለው አዲሱ አካል ጊዜያዊ እውቅና ሰጠ፣ ቦክስም በሎስ አንጀለስ 2028 ላይ እንዲቀጥል ተወሰነ። የእኛ ልጆች ወደዚያ የሚሄዱት በየትኛው በር ነው? የማጣሪያው መንገድ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ በየማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከፊቱ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ልጅ በቀላሉ አይጠፋም።

ደብተሩ፣ ወርሃዊው ግጥሚያ፣ አምቡላንሱና ያ ስልክ የሚደውል ሰው ከቀጣዩ የከተማ ሻምፒዮና በፊት ቢጀመሩ እመኛለሁ። ሁሉም በአንዴ ካልተቻለ በሰውየው ጀምሩ። እኔና ጓደኛዬ ባለፉት ዓመታት የቀሩብንን ልጆች ስም፣ ኪሎና የመጨረሻ ስልክ የጻፍንበት ዝርዝር አለን። አንዳንዶቹ ገና 20 ዓመት አልሞላቸውም። የሚመደበው ሰው ይምጣና በእጁ እናስረክበው። አመሻሽ ላይ አራት ኪሎ ያገኘናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የፒያሳ ልጅ፣ የቀድሞ ቡጢኛ
አዲስ አበባ